ሌዮናርድ ኦይለርና ሁለቱ ታላላቅ ቁጥሮች

በሒሳብ ትምህርት ስማቸው ሁልጊዜ ከሚነሣው ሊቃውንት መካከል የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሌዮናርድ ኦይለር በፊተኛው ተርታ የሚቆም ነው። በሕይወቱ ዘመን የጻፋቸው መጻሕፍትና ጽሑፎች ቢቆጠሩ ከ800 በላይ ይሆናሉ። ስለ መርከብ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ጨረቃ አካሄድ፣ ስለ መድፍ ጥይት፣ ስለ ሙዚቃ ሳይቀር ጽፏል። የክብን ዙሪያ ለመካከለኛ መስመሩ ስናካፍል የምናገኘውን ቁጥር ዛሬ በየክፍሉ ፓይ እያልን የምንጠራው፣ እርሱ በመጻሕፍቱ ስላስለመደው ነው። ይህን ሁሉ በአንድ የትምህርት ቤት መጽሔት ላይ መዘርዘር የማይቻል ስለ ሆነ፣ እኛ ሕይወቱን ከሁለት ቁጥሮች ጋራ አያይዘን ብቻ እንተርካለን።

ቁጥሮቹም 4,294,967,297 እና 2,147,483,647 ናቸው። ሁለተኛውን በ2 አባዝቶ 3 የጨመረበት ሰው የመጀመሪያውን ያገኛል፤ ስለዚህ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው ለማለት ይቻላል። ዕጣቸው ግን የተለያየ ሆነ። አንደኛው አይከፈልም ሲባል ኖሮ በኦይለር እጅ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለተኛው ይከፈል አይከፈል እንደ ሆነ በእርግጥ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ የማይከፈል መሆኑን ያረጋገጠው ይኸው ኦይለር ነው። የመጀመሪያውን በመረመረ ጊዜ የ25 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ያዩ ነበር። ሁለተኛውን በጨረሰ ጊዜ ግን ዕድሜው 65 ዓመት ገደማ ሆኖ፣ የዓይኑ ብርሃን ጠፍቶ ነበር።

ነገሩ ሒሳብ ከተማሩ ብዙ ዓመት ለሆናቸው ወላጆችም ግልጽ እንዲሆን አንድ ነገር አስቀድመን እናስረዳ። 15 እንጀራ ለ3 ሰው ወይም ለ5 ሰው እኩል ይታደላል። 13 እንጀራ ግን ካልተቆረሰ በቀር፣ ለ13 ሰው አንድ አንድ ከመስጠት ወይም ሁሉንም ለአንድ ሰው ከማስረከብ ሌላ እኩል አስተዳደል የለውም። እንደ 13 ያለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ትንሽ ቁጥር ሲሆን ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ሕፃን ልጅም ይለየዋል፤ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር ሲመጣ ግን ዓይን ብቻውን ምንም አይፈርድም። የ2,147,483,647ን መልክ አይቶ ባሕርዩን ሊናገር የሚችል ሰው የለም።

ኦይለር የተወለደው በስዊስ አገር፣ በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በባዜል ከተማ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1707 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ ጳውሎስ ኦይለር የፕሮቴስታንት ቄስ ነበረ፤ ልጁም እንደ እርሱ ቄስ እንዲሆን ይመኝ ነበር። ነገር ግን አባትየው ራሱ በተማሪነቱ ዘመን ያዕቆብ በርኑሊ ከሚባለው ዝነኛ የሒሳብ ሊቅ ዘንድ ትምህርት ሰምቶ ስለ ነበረ፣ የመጀመሪያውን ሒሳብ ለልጁ ያስተማረው እርሱ ነው። ልጁን ለቤተ ክህነት እያዘጋጀ ሳለ ለሒሳብ አሳልፎ የሰጠው ራሱ አባትየው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ልጁ በ13 ዓመቱ ባዜል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም የያዕቆብ ወንድም ዮሐንስ በርኑሊ ያስተምር ነበር። ይህ መምህር ሥራ የሚበዛበት፣ ጠባዩም ቀላል ያልሆነ ሰው ነበረና ለወጣቱ የግል ትምህርት ለመስጠት አልፈቀደም። በዚህ ፈንታ ከባድ ከባድ የሒሳብ መጻሕፍት መርጦ ብቻውን እንዲያነብ አዘዘው፤ ያልገባውን ነገር ይዞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲመጣም ፈቀደለት። ኦይለርም ወደ መምህሩ ብዙ ጥያቄ ይዞ መሄድን ስለሚያፍርበት፣ ሳምንቱን ሙሉ ራሱ ሲታገል ይሰነብትና ለቅዳሜ ጥቂት ጥያቄ ብቻ ያስቀር ነበር። ጥያቄን በመምህር ጫንቃ ላይ ለማሳረፍ ለምንቸኩል ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ትንሽ የሚያሳፍር ታሪክ ነው። በኋላም አባቱ ልጁን ለቤተ ክህነት ማሰቡን እንዲተው ያሳመነው ይኸው መምህር ነው።

በ1727 ዓ.ም. በባዜል የፊዚክስ መምህርነት ቦታ ክፍት ሆኖ ኦይለር አመለከተ፤ ነገር ግን ገና 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ስለ ነበረ አልተቀበሉትም። በዚያው ጊዜ ታላቁ ጴጥሮስ ያቀደው የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ በሴንት ፒተርስበርግ ሥራውን ጀምሮ ነበርና፣ ወደዚያ ቀድመው የሄዱት የመምህሩ ልጆች ቦታ አገኙለት። ቦታው የሒሳብ አልነበረም፤ ሒሳብ ለሕክምና የሚሰጠውን ጥቅም የሚመረምር ሰው ነበር የተፈለገው። ኦይለር ግን አላመነታም። በራይን ወንዝ በጀልባ ወርዶ፣ የጀርመንን ምድር አቋርጦ፣ ከዚያም በባሕር ተጉዞ በሜይ ወር 1727 ዓ.ም. ሴንት ፒተርስበርግ ገባ። የትውልድ አገሩን ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ አላያትም።

እነሆ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በአካዳሚው ክርስቲያን ጎልድባክ የሚባል ጸሐፊ ነበረ። ይህ ሰው በኑሮው ከቤተ መንግሥት ጋራ የተያያዘ፣ ሒሳብን ግን ለደስታው የሚወድ ነበር። በዲሴምበር 1729 ዓ.ም. ከሞስኮ ለኦይለር በላከው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመረ። ጥያቄውም ፌርማ የተናገረውን ነገር ኦይለር ያውቅ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነበር።

ፒየር ደ ፌርማ በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ የፍርድ ቤት አማካሪ የነበረ፣ ከሥራው ሲያርፍ ቁጥርን የሚመራመር ታላቅ ሰው ነው። በ1665 ዓ.ም. ሞተ። እርሱ በ1640 ዓ.ም. ለወዳጆቹ ሲጽፍ አንድ የቁጥር ተርታ አቅርቦ ነበር። ተርታው እንዲህ ይገኛል፤ አንድ 2 ተወስዶ 1 ሲጨመርበት 3፣ ሁለት 2ቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር 5፣ አራት 2ቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር 17፣ ስምንት 2ቶች ሲሆኑ 257፣ አሥራ ስድስት ሲሆኑ 65,537፣ ሠላሳ ሁለት ሲሆኑ 4,294,967,297፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ፌርማም ከዚህ ተነሥቶ፣ ተርታው የቱንም ያህል ቢረዝም ሁሉም ብቸኛ እንደሚሆን አመነ፤ ማስረጃውን ግን ለማንም አላሳየም። ፌርማ በቁጥር ነገር ተናግሮ የሚሳሳት ሰው አልነበረምና፣ ቃሉ ሳይነካ 90 ዓመት ያህል ኖረ።

ኦይለር በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ቁም ነገር አልቆጠረውም። ጎልድባክ ግን ደግሞ ጻፈለት። በዚህ ጊዜ ኦይለር የፌርማን ሥራዎች ማንበብ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የቁጥር ምርምር እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አልለቀቀውም። በ1732 ዓ.ም. ለአካዳሚው ባቀረበው አጭር ጽሑፍ፣ 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር አለመሆኑን፣ 641 ያለ ቀሪ እንደሚያካፍለው ገለጸ። ይህን የሚያነብ ሁሉ እርሳስ አንሥቶ 641ን በ6,700,417 ያባዛ። ሁለተኛ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሆኖም ኦይለር 641ን ከየት አመጣው? በ1732 ዓ.ም. ጽሑፉ ላይ መንገዱን አልገለጸም፤ የገለጸው ከ15 ዓመት በኋላ ባቀረበው ሌላ ጽሑፍ ነው። መንገዱም ይህ ነው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ በ64 ሲካፈል የግድ 1 ቀሪ መተው አለበት። እንግዲህ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641 እያሉ መሄድ ነው። ከእነዚህ መካከል ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ስለ ሆኑ፣ በዚህ መንገድ የሄደ ሰው በአምስተኛው ሙከራ ላይ ከሚፈልገው ይደርሳል። ሺህ ጊዜ ሊያካፍል የተዘጋጀ ሰው አምስት ጊዜ ብቻ አካፍሎ ያርፋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያስደንቀው ነገር ሌላ ነው። ይህ የ64 ሕግ የሚወጣው ፌርማ ራሱ ካገኘው፣ ነገር ግን ያለ ማስረጃ ከተወው ከአንድ ሌላ ሕግ ነው። ያን ሕግ በ1736 ዓ.ም. በማስረጃ ያጸናው ደግሞ ኦይለር ነው። ስለዚህ ፌርማን የረታው በፌርማ በራሱ መሣሪያ ነው። የቱሉዙ አማካሪ መሣሪያው በእጁ ሳለ አምስት ጊዜ ማካፈል ለምን እንደ ቀረበት መናገር ያስቸግራል። ምናልባት ፈትኖ በማካፈሉ ላይ ስሕተት ገብቶበት ይሆናል፤ ረጅም ማካፈል ማንን የማያሳስት ነገር ነው?

ማካፈልን ለሚጠሉ ደግሞ ያለ ማካፈል የሚታይበት መንገድ አለ። 641 ማለት 640 ሲደመር 1 ነው፤ 640ም 5 በ128 ነው፤ 128 ደግሞ ሰባት 2ቶች ተባዝተው የሚገኝ ነው። በሌላ በኩል 641 ማለት 625 ሲደመር 16 ነው፤ ይኸውም አራት 5ቶች ተባዝተው፣ በዚያ ላይ አራት 2ቶች ተባዝተው ሲደመሩ ነው። አሁን አራት 640ዎችን አባዝተን ከብዜቱ 1 ብንቀንስ፣ የቀረው በ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ቀጥሎም 625 ሲደመር 16 ያልነውን በሃያ ስምንት 2ቶች ብናባዛው፣ ይህም በ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለተኛው ከአራቱ 640ዎች ብዜት የሚበልጠው በሠላሳ ሁለት 2ቶች ብዜት ነው፤ የፊተኛው ደግሞ ከዚያው ብዜት በ1 ያንሳል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሠላሳ ሁለት 2ቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት፣ ማለት 4,294,967,297 ሆኖ ይገኛል፤ እርሱም በ641 ይካፈላል። ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ያነበበው ሰው ይገባዋል።

በዚህ መካከል የኦይለር ኑሮ እየተሻሻለ ሄደ። በ1733 ዓ.ም. የአካዳሚው የሒሳብ መምህር ሆነ፤ በሚከተለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ካትሪና ግዜል የምትባል የሠዓሊ ልጅ አገባ። 13 ልጆች ወለዱ፤ ነገር ግን ለአካለ መጠን የደረሱት አምስቱ ብቻ ናቸው። ሕፃን ታቅፎ፣ ሌሎቹ በእግሩ ሥር እየተጫወቱ ሒሳብ ይሠራ ነበር ይባላል። በ1735 ዓ.ም. ለሞት የሚያደርስ ትኩሳት ታመመ፤ በ1738 ዓ.ም. ደግሞ የቀኝ ዓይኑ ጠፋ። እርሱ ራሱ ምክንያቱን የካርታ ሥራ አድርጎ ይናገር ነበር፤ በዚያ ጊዜ የሩሲያን ካርታ በማዘጋጀት ይደክም ነበርና።

በ1741 ዓ.ም. የፕሩሲያ ንጉሥ ታላቁ ፍሬዴሪክ ጠርቶት ወደ በርሊን ሄደ፤ በዚያም 25 ዓመት ተቀመጠ። ስለ በርሊኑ ኑሮው ብዙ አንናገርም። ሥራው ታላቅ፣ ደስታው ግን ትንሽ ነበር። ፍሬዴሪክ በጨዋታ አዋቂነትና በቅኔ የሠለጠኑ ሰዎች በዙሪያው እንዲሰበሰቡ የሚወድ ንጉሥ ነበረ፤ ዝምተኛውና እግዚአብሔርን ፈሪው የቄስ ልጅ ግን ለእንዲህ ያለው ጉባኤ የተፈጠረ አልነበረም። ንጉሡ በጠፋው ዓይኑ ሳይቀር ይቀልድበት ነበር። በ1766 ዓ.ም. ንግሥት ካትሪን ሁለተኛ ስትጠራው ተመልሶ ወደ ሩሲያ ሄደ።

እንደ ደረሰም ብዙ ሳይቆይ በግራ ዓይኑ ላይ የሞራ ግርዶሽ ወረደበት። በ1771 ዓ.ም. መከራው ተደራረበ። በሜይ ወር በከተማው ታላቅ እሳት ተነሥቶ ቤቱን አቃጠለ። ዕውሩ ሽማግሌ በጭሱ መካከል ሳለ፣ ጴጥሮስ ግሪም የተባለ የእጅ ሥራ ሰው፣ እርሱም የባዜል ተወላጅ፣ ገብቶ በጀርባው አዝሎ አወጣው፤ ከጽሑፎቹም አብዛኞቹ ተረፉ። በዚያው ዓመት ዓይኑን የሞራ ሐኪም ቀዶለት ለጥቂት ቀን ብርሃን አየ። ወዲያው ግን ቁስሉ አመርቅዞ ከብዙ ሥቃይ በኋላ ብርሃኑ ተመልሶ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስቱ ሞተችበት።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀነሰ ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። ይልቁንም ጨመረ። በክፍሉ ውስጥ በጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ትልቅ ጠረጴዛ ነበረው፤ በዚያ ላይ በጠመኔ ትልልቅ አድርጎ ይጽፍና ልጆቹና ረዳቶቹ ይገለብጡት ነበር፤ የቀረውን በቃሉ ያስጽፍ ነበር። ስለ አልጀብራ የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፍ በቃሉ ሲናገር የጻፈለት ከዚያ በፊት የልብስ ሰፊ ተለማማጅ የነበረ ወጣት ነው። ከጻፋቸው ሥራዎች ሁሉ ግማሽ ያህሉ የዚህ የዕውርነቱ ዘመን ፍሬ ነው። የማስታወስ ችሎታው የአገራችንን የቅኔና የዜማ መምህራን የሚያስታውስ ነበር፤ ቬርጂል የተባለው የሮም ባለ ቅኔ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ ሙሉውን በቃሉ ያውቅ ነበር፤ በወጣትነቱ ባነበበው እትም እያንዳንዱ ገጽ በየትኛው መሥመር ጀምሮ በየትኛው እንደሚጨርስ ይናገር ነበር።

ሁለተኛው ቁጥር የሚመጣው በዚህ ጨለማ ውስጥ ነው።

2,147,483,647 ምን እንደ ሆነ በጤፍ እንመስለው። አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን አንድ የጤፍ ፍሬ፣ በሁለተኛው ቀን ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ በአራተኛው ስምንት እያለ በየቀኑ እጥፍ ሊሰጥ ተሳለ እንበል። ይህን አንድ ወር ከአንድ ቀን፣ ማለት 31 ቀን ቢያደርግ፣ የሰጠው ፍሬ በጠቅላላው ልክ 2,147,483,647 ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠው 127 ፍሬ ብቻ ነው፤ በጣት ጫፍ ይነሣል። መጨረሻው ግን ብዙ ኩንታል ነው። ጥያቄውም፣ ይህን ሁሉ ፍሬ አንድ ሳይተርፍ ለሰዎች እኩል ማደል ይቻላል ወይ? የሚል ነው።

እንዲህ እጥፍ እየተደረጉ የሚደመሩ ቁጥሮችን ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይመረምሯቸው ነበር። ከእነርሱም አንዳንዱ ብቸኛ ነው፤ አንዳንዱ አይደለም። የቦሎኛው ፒየትሮ ካታልዲ በ1588 ዓ.ም. የ19 ቀኑ ድምር፣ ማለት 524,287 ብቸኛ መሆኑን እያካፈለ አረጋገጠ። እርሱም የ23ቱን፣ የ29ኙን፣ የ31ዱንና የ37ቱን ቀን ድምር ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ከ31ዱ በቀር ሁሉም ሐሰት ሆነው ተገኙ። የፓሪሱ መነኩሴ ማረን መርሴንም በ1644 ዓ.ም. ባሳተመው ዝርዝር ውስጥ የ31ዱን ከብቸኞቹ ጋራ ቆጠረ፤ የእርሱም ዝርዝር ስሕተት ነበረበት። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ቢመሰክሩም ምስክርነታቸው የሚታመን አልነበረም።

ማረጋገጥ ማለት ደግሞ እንዲህ ነው። ቁጥሩ አካፋይ ካለው፣ ከአካፋዮቹ አንዱ የግድ ከ46,341 ያነሰ ይሆናል፤ ሁለቱም ከዚያ ቢበልጡ ብዜታቸው ቁጥሩን ያልፈዋልና። እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 4,792 ናቸው። ባለ አሥር አሃዙን ቁጥር በእያንዳንዳቸው ማካፈል ለሚያይ ሰው እንኳ የወራት ሥራ ነው፤ ለዕውር ሰውማ አይታሰብም።

ኦይለር እንደ ቀድሞው ሁሉ መንገዱን በሕግ አሳጠረው። የፌርማ ሕግ፣ አካፋዩ በ62 ሲካፈል 1 መተው አለበት ይላል። ይህ እውነት መሆኑን በትንሽ ቁጥር ማየት ይቻላል፤ የ11 ቀኑ ድምር 2,047 ነው፤ ሕጉ አካፋዩ በ22 ሲካፈል 1 ይተዋል ይላል፤ 23ን ብንሞክር 23 በ89 ልክ 2,047 ነው፤ 89ም ራሱ በ22 ሲካፈል 1 ይተዋል። ኦይለር በዚህ ላይ ሁለተኛ ሕግ ጨመረ፤ አካፋዩ በ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 መተው አለበት። ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ብናደርግ፣ አካፋዩ በ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ብቻ ይሆናል። ከ46,341 በታች እንዲህ ያሉ መፈተን የሚገባቸው ቁጥሮች 372 ብቻ ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ 249፣ 311፣ 497፣ 559፣ 745፣ 807፣ 993፣ 1,055፣ 1,241 እና 1,303 ሲሆኑ፣ ሊሞከሩ የሚገባቸው 311 እና 1,303 ብቻ ናቸው።

የቀሩት አንድ በአንድ ተፈተኑ፤ አንዳቸውም ያለ ቀሪ አላካፈሉትም። በ1772 ዓ.ም. ኦይለር ውጤቱን በርሊን ለነበረው ለሦስተኛው ዮሐንስ በርኑሊ በደብዳቤ አስታወቀ። ይህ ሰው የዚያ የቅዳሜው መምህር የልጅ ልጅ ነው። 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ከዚያ ወዲህ አልተጠራጠረም።

ይህ ነገር ሌላ ደጃፍ ደግሞ ከፈተ። 6 በ1፣ በ2 እና በ3 ይካፈላል፤ እነዚህ ሲደመሩ ራሱን 6ን ይሰጣሉ። 28ም እንደዚሁ የ1፣ የ2፣ የ4፣ የ7 እና የ14 ድምር ነው። እንዲህ ያሉትን የጥንት ሰዎች ፍጹም ቁጥሮች ይሏቸው ነበር። የግሪኩ ኤውክሊድ እንዳሳየው፣ የጤፉ ድምር ብቸኛ ቁጥር ሲሆን፣ በመጨረሻው ቀን በተሰጠው ፍሬ ብናባዛው ፍጹም ቁጥር ይገኛል፤ 3 በ2፣ 6፤ 7 በ4፣ 28። በ31ኛው ቀን የሚሰጠው 1,073,741,824 ፍሬ ስለ ሆነ፣ በብዜቱ 2,305,843,008,139,952,128 ይገኛል፤ ይህም ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው። በ2 የሚካፈል ፍጹም ቁጥር ሁሉ በኤውክሊድ መንገድ ካልሆነ በሌላ እንደማይገኝ ያስረዳውም ኦይለር ነው፤ ጽሑፉ የታተመው ግን እርሱ ከሞተ ከ66 ዓመት በኋላ፣ በ1849 ዓ.ም. ነው።

ኦይለር የሞተው ሴፕቴምበር 18 ቀን 1783 ዓ.ም. በ76 ዓመቱ ነው። በዚያው ቀን ለልጅ ልጁ ሒሳብ አስተማረ፤ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር ወደ ሰማይ መውጣት የጀመረው ባሉን እንዴት እንደሚወጣ አሰላ፤ አዲስ ስለ ተገኘው ስለ ዩራኑስ ፕላኔትም ከረዳቱ ከሌክሴል ጋራ ተነጋገረ። ወደ ማታ ግን ድንገተኛ የአንጎል ደም መፍሰስ ጣለው፤ በዚያችው ሌሊት አረፈ። አካዳሚው ያልታተሙ ጽሑፎቹን እያተመ ለመጨረስ 50 ዓመት ያህል ፈጀበት።

ቁጥሮቹስ? በፌርማ ተርታ ውስጥ ከአምስቱ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስካሁን ድረስ ማንም አላገኘም። 2,147,483,647 ደግሞ ከኦይለር በኋላ 95 ዓመት ያህል ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ በ1811 ዓ.ም. ስለ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ፣ ጥቅም ለሌለው ነገር የሚደክም ስለማይኖር ከእርሱ የሚበልጥ ከቶ አይገኝም ብሎ ነበር። በ1876 ዓ.ም. ግን ኤድዋር ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ የ127 ቀኑን ድምር፣ 39 አሃዝ ያለውን፣ ብቸኛ መሆኑን አስረዳ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ 41,024,320 አሃዞች ያሉት ተገኘ።

ጥቅም የለውም የተባለውም አልጸናም። ብዙ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ቁጥርን የሚይዙት በ32 ቦታ ነው፤ አንዱ ቦታ ለምልክት ሲቀር፣ በቀረው 31 ቦታ ሊያዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ይኸው 2,147,483,647 ነው። አያሌ መሣሪያዎች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፈውን ሴኮንድ በመደመር ስለ ሆነ፣ በዚህ ዓይነት የተሠሩት አሮጌዎቹ ቆጣሪዎች አንድ ቀን ይሞላሉ። መሐንዲሶች ሰፋ ባለ ቆጣሪ ሲተኩአቸው ቆይተዋል። ቆጣሪው የሚሞላበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሰዓቱም በአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ፣ ሕዝቡ ከታቦታቱ ጋራ በጃንሜዳ አድሮ የጥምቀቱን ማለዳ በሚያከብርበት ጊዜ ነው።